ጎማው ይጫወታል

መካኒክ ጎማዬን በሁለት እጁ ይዞ «እትዬ፣ ይጫወታል» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። እውነቱን ይሁን ውሸቱን ገና ሳላጣራ፣ መጀመሪያ ደሜ ይፈላል። የሚያየኝ ሰው «ይቺ ሴትዮ ጤና የላትም» ቢል አልፈርድበትም። አንድ ተራ ቃል ለምን እንዲህ እንደሚያደርገኝ ልናገርና ይውጣልኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሌላ ትዳር ይዞ ጥሎን ሲሄድ መኪናዋን ትቶልን የሄደው አዝኖልን እንዳይመስላችሁ። አትነሳም ብሎ ነው። እናቴ አስነሳቻት። ከዚያ በፊት መሪ ጨብጣ የማታውቅ ሴት በሁለት ወር መንጃ ፈቃድ አወጣችና የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ማመላለስ ጀመረች። ስድስት ልጆች፣ ከእኔ ጋር ሰባት። መኪናዋ ቀለሟ የደበዘዘ ሰማያዊ ነች፤ የኋላ በሯ ከውስጥ ስለማይከፈት እናቴ እየወረደች አንድ በአንድ ታወጣን ነበር። የምንበላው፣ የምንለብሰው፣ የምንተኛበት ቤት ኪራይ፣ ሁሉም ከዚያች መኪና ነው።

መኪናዋ ስትታመም የሚያያት «ዶክተሩ» ነበር። የሰፈራችን መካኒክ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ፣ መርዶ ሊያረዳ እንደመጣ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። እኔ እወደው ነበር። እንዴት አልወደው! ከረሜላ ከኪሱ አይጠፋም። ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ አድርጎ «ስሚ፣ ልቧ ነው» ይለኛል። እናቴን «አንቺ ግራሶ እንዳይነካሽ፣ ቢሮ ገብተሽ ቁጭ በይ» ይላታል፤ እኔን ግን «ነይ የኔ ጎበዝ» ብሎ ያስጠጋኛል። ታዲያ ማንን ልውደድ? ዛሬ ሳስበው፣ ዓይን ያላትን ሴትዮ ከገዛ መኪናዋ እያራቀ፣ ምንም የማይገባኝን እኔን ነበር የሚያስጠጋው።

በስድስት ወር ውስጥ ፍሬን አስቀየራት። ፍሪሲዮን አስቀየራት። ራዲያተሩን «ዛሬ ነገ ሳይል ይፈነዳል» ብሎ እሱንም አስቀየራት። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን እሺ ትል ነበር፤ ልጅ የምታመላልስ ሴት «ይፈነዳል» ሲሏት ምን ትበል? በኋላ ግን የወጣውን አሮጌ ዕቃ «እስቲ አሳየኝ» ማለት ጀመረች።

«ተጣለ እኮ፣ እትዬ።»

«የት?»

«ቆሻሻ ውስጥ ነዋ! ለማስታወሻ ልታስቀምጪው ነው እንዴ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝና ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ከሳጥኑ ሥር ቀዩን የጥፍር ቀለሟን አወጣች። አባቴ ከሄደ ወዲህ ነክታው አታውቅም። ልቤ ዘለለ። አባዬ ሊመጣ ነው አልኩ! ፊቴን ታጠብኩ፣ ደህናዋን ቀሚሴን ለበስኩ፣ በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። እናቴ ብልቃጧን ይዛ በአጠገቤ አልፋ ወጣችና መኪናዋ ሥር ቁጢጥ አለች። የጎማውን ብሎኖች መቀባት ጀመረች። እያንዳንዱ ብሎን ላይ አንዲት ቀጭን መስመር፤ ከብሎኑ አናት ተነሥታ ቸርኬው ላይ የምታልቅ።

«እማ፣ ጎማ ጥፍር አለው እንዴ?»

«ዝም በይ፣ እጄን አታንቀጥቅጪው።»

በጣም ተናደድኩባት። አባቴ አለመምጣቱ ሲገርመኝ፣ ለእሱ የሚሆነውን ቀለም ለጎማ! በማግስቱ ለልጆቹ ሁሉ ነገርኳቸው፤ መኪናዋ ውስጥ «የጎማ ጥፍር! የጎማ ጥፍር!» እያሉ ሲስቁባት ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ትነዳ ነበር። ብሎኑ ከተፈታ መስመሩ እንደሚሰበር፣ ማን ነካው ማን አልነካው የሚለው በዚያ እንደሚታወቅ፣ ይህን ማን ነገረኝና ልወቅ። እሷንስ ማን እንደነገራት እንጃ። ቸግሯት ራሷ የፈጠረችው ይመስለኛል።

ከዚያ መኪናዋ መታጠፊያ ላይ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረች። እናቴ ወደ ዶክተሩ ወሰደቻትና «ድምፁ ምን እንደሆነ ብቻ እይልኝ፤ ሌላ ነገር አትንካ» አለችው። «እሺ የኔ እመቤት፣ ቢሮ ቁጭ በይ» አላት። ቢሮው በስተጀርባ ነው፤ ያለችው መስኮትም ወደ ግድግዳ ነው የምታየው።

እኔ ውጭ ቀረሁ። ዶክተሩ የፊት ጎማውን በክሪክ አነሣው። ከዚያ የጎማ መፍቻውን አመጣና፣ እያንዳንዱን ብሎን ክርክር፣ ክርክር አድርጎ ትንሽ ትንሽ ፈታቸው፤ አላወጣቸውም፣ ላላ አደረጋቸው እንጂ። ዓይኑን ጠቀሰኝ።

«ነይ፣ ያዢው።»

ጎማውን ከላይና ከታች ያዝኩ። «ነቅንቂው» አለኝ። ነቀነቅኩት። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ አለ። እጄ ላይ የሚመታ ነገር ያለ ይመስላል። ሳቅኩ።

«አየሽ? ይጫወታል» አለኝ። «ይሄ የእኔና የአንቺ ጨዋታ ነው። ለእማዬ ከነገርሻት ይፈርሳል።» ኪሱ ገብቶ ከረሜላ ሰጠኝ።

ጎማ ይጫወታል! እኔ የማውቀው ልጅ ሲጫወት ነው፣ ድመት ስትጫወት ነው። የእኛ መኪና ጎማ ይጫወታል፣ ያውም ከእኔ ጋር! ደስታዬን የት ላድርሰው።

ከዚያ እናቴን ጠራት። ሠራተኞቹንም ጠራቸው። ድምፁ ተቀየረ፣ መርዶ ሊያረዳ ነው።

«እትዬ፣ ሲጥ ሲጡን ተይው። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታው አልቋል። ጎማው ይጫወታል። መንገድ ላይ ወልቆ ቢሄድ ስድስት የሰው ልጅ ይዘሽ ምን ይውጥሽ ነበር? ካላመንሽኝ ልጅሽ ታሳይሽ። ይቺ ፍሬ የምታህል ልጅ እንኳ በእጇ ትነቀንቀዋለች!»

እኔም ነቀነቅኩት። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ጎበዝ የምትለኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት።

«አስብበታለሁ» አለችው።

«ጎማ እኮ አስብበታለሁ አይልም፣ እትዬ።»

«አውርዳት። አስብበታለሁ።»

ብሎኖቹን ጥብቅ አድርጎ አሠረና አወረዳት። እናቴ ከመግባቷ በፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብላ በጣቷ ብሎኖቹን ዳሰሰቻቸው። ቀዮቹ መስመሮች አንዳቸውም ቦታቸው ላይ አልነበሩም። ጣቷን በመሐረቧ ጠርጋ ገባች። እኔ የቀለሙ መበላሸት ያናደዳት መሰለኝ።

በዚያው ቀን መንደር አቋርጣ ከማታውቀው መካኒክ ዘንድ ወሰደቻት። ሽማግሌ ሰውዬ ነበሩ፤ እናቴን ቢሮ ግቢ አላሏትም፣ «ነይ ራስሽ እዪው» አሏት እንጂ። ጎማውን አንሥተው ነቀነቁት፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እጃቸውን ከጎማው ጀርባ ሰደው፣ ፍሬኑና መከለያው መሐል የተቀረቀረች የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር አወጡ። «ሲጥ ሲጥ የምትልሽ ይቺ ናት። ጎማሽ ምንም የለው። ሂጂ፣ በሰላም ንጂ» አሏት። አንድም ነገር አላስከፈሏትም። እናቴ ጠጠሯን በመሐረብ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። እኔ ግን ሽማግሌው አስጠሉኝ። ጎማው እሳቸው ዘንድ አልጫወትም አለ፤ ጨዋታ የማያውቁ ሰው ናቸው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ከስድስቱ አንዷ ለነበረችው ለፋርማሲስቷ ልጅ በጆሮዋ ጉራዬን ነፋሁ። «የእኛ ጎማ ይጫወታል። በእጄ ነቅንቄዋለሁ። ዶክተሩ ነው ያሳየኝ። የእናንተ መኪና ጎማ ይጫወታል?» እሷም ማታ ለእናቷ ነገረች። እናቷ ደግሞ ቃሉን እንደ እኛ አልሰማችውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ተሰበሰቡ። ፋርማሲስቷ፣ ሦስት ልጆቹን እናቴ የምታመላልስለት የባንክ ሠራተኛ፣ እንዲያስረዳ የተጠራው ዶክተሩ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ስለመጣ መጀመሪያ አላወቅኩትም። ሶፋችን ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። እናቴ አልተቀመጠችም።

«እህቴ፣ እኛ ክፉ አስበን አይደለም የመጣነው» አለ የባንኩ ሰውዬ። «ጎማው ይጫወታል ከተባለ አሠሪውና ነገሩ ይለቅ።»

«ያልተበላሸውን?»

«እሱ ተበላሽቷል ይላል።»

እናቴ መሐረቧን ፈታችና ጠጠሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ድምፁ ይቺ ነበረች። ሌላ መካኒክ አይቶልኛል። ጎማው ደህና ነው።»

ዶክተሩ ሳቅ አለ። «ጠጠር! በጠጠር ነው እንግዲህ ልጅ የሚጫነው።»

ፋርማሲስቷም «ሁለት መካኒክ ሁለት ነገር ከተናገረ እኔ ለልጄ የማምነው የሚያስፈራኝን ነው» አለች። ይህቺ ሴት ክፉ አልነበረችም። ግን እንደ እሷ ያሉ ባይኖሩ እንደ ዶክተሩ ያሉት በረሃብ ያልቁ ነበር።

«እሺ ብል እኮ» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ ከፍ እያለ፣ «እሺ ብል እኮ ልጆቻችሁን በሚወልቅ ጎማ ሳመላልስ ከርሜያለሁ ማለቴ ነው! አልልም! ፍሬኑን እሺ አልኩት፣ ፍሪሲዮኑን እሺ አልኩት። ብሎኖቼ ላይ ምልክት አድርጌ ነበር፤ ፈትቷቸዋል። ይህ ሰውዬ በእኔ እየተጫወተብኝ ነው!»

«ለማየት ብሎን አይፈታም እንዴ፣ እትዬ? መጀመሪያ ሲጫወት አየሁት፣ ከዚያ ፈታሁት» አለ ዶክተሩ ረጋ ብሎ። «ደግሞ ስለ መኪና ከጥፍር ቀለም ጋር ማን ይከራከራል?»

የባንኩ ሰውዬ ሳቁን ለመደበቅ አፉን በእጁ ያዘ። ያቺ ሳቅ እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። እናቴ ሥራዋን ሊቀሟት መጥተው በቀለሟ ይሳቃሉ! ቀለሟን ለልጆቻቸው ያወራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። በር ሥር ቆሜ ነበር።

«ልጄ፣ ነይ እስቲ። አትፍሪ። አንቺ እዚያ ነበርሽ። ጎማው የተነቃነቀልሽ ብሎኖቹን ከመፍታቱ በፊት ነው ወይስ ከፈታቸው በኋላ?»

ሁሉም አዩኝ። «ይጫወታል» ማለት «ሊወልቅ ነው» ማለት መሆኑ ገና አሁን፣ ከትልልቆቹ አፍ ነው የገባኝ። ጎማው ከወለቀ ልጆቹ ይሞታሉ። እናቴ ደግሞ አላሠራም ትላለች። ዶክተሩ ሊያድነን ነው፣ እሷ በእልህ ልትገድለን ነው አልኩ። ከረሜላዋም ነበረች፣ «ከነገርሻት ይፈርሳል» ያለኝም ነበረ። ዶክተሩ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ የከረሜላ ወረቀት ኮሽ አለ።

«በፊት» አልኩ።

አንድ ቃል። ፋርማሲስቷ ተነሥታ አቀፈችኝ። «ተባረኪ! የልጆቻችንን ነፍስ አተረፍሽ» አለችኝ። እኔም፣ ይብላኝ ለእኔ፣ ኮራሁ።

እናቴ አልመታችኝም፣ አልሰደበችኝም። ጠጠሯን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ወደ ጓዳ ገባች። ሰዎቹ በራሳቸው በሩን ከፍተው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ማንም ልጁን አልላከም። ማክሰኞም አልላከም። «በሚወልቅ ጎማ የምትነዳው ሴትዮ» የሚል ወሬ ከወጣ በኋላ አዲስ ልጅ ከየት ይመጣል? በሦስተኛው ወር እናቴ መኪናዋን ሸጠች፤ የገዛት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የዶክተሩ ሚስት ወንድም! ከመረከቡ በፊት እናቴ ለመጨረሻ ጊዜ ብልቃጧን ይዛ ወጣችና አዲስ ቀይ መስመር አሰመረች። «ኩሽኔታውን ሳትቀይር ልጅ እንዳትጭንባት» አለችው። «ይቀየራል፣ ይቀየራል» አላት እየሳቀ። በሳምንቱ እነዚያኑ ስድስት ልጆች ጭኖ በደጃችን አለፈ። እናቴ ሆቴል አንሶላ ማጠብ ጀመረች፤ እጇ በሳሙና ተላልጦ ማታ ማታ ማንኪያ መያዝ ያቅታት ነበር። እኔ በእግሬ ትምህርት ቤት ስሄድ ሰማያዊዋ መኪና ታልፈኛለች፣ የፋርማሲስቷ ልጅ በመስኮት እጇን ታወዛውዝልኛለች። ዓመቱን ሙሉ ቀዮቹ መስመሮች ቀጥ እንዳሉ ነበሩ። ማንም አልነካቸውም፤ ኩሽኔታውም አልተቀየረም ማለት ነው። ጎማውም አልወለቀ፣ ማንም አልሞተ። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ አልገባኝም።

የገባኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው። የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ጎማው ተነፈሰና ወርደን ቆምን። ረዳቱ ጎማውን በክሪክ አነሣው፣ ብሎኖቹን ላላ ላላ አደረጋቸው፣ ሳያወጣቸው ጎማውን በእግሩ ገፋ አደረገው። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰዎቹ ፀሐይ የመታኝ መስሏቸው ውኃ ሰጡኝ።

ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። እሷ አንሥታው አታውቅም፣ እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ። ንዴቴን ሁሉ ያገኘሁት መካኒክ ላይ ነበር የማራግፈው። ራሴ ላይ ማራገፍ ሲገባኝ፣ ስንቱን ምስኪን ከነግራሶ እጁ አስለቀስኩት መሰላችሁ!

ባለፈው ወር የእኔ መኪና ከፊት ጎማዋ በኩል ስታጉረመርም ሰፈሬ ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። አንድ ቀጭን ወጣት መካኒክ ጎማውን በክሪክ አነሣና «እትዬ፣ ይጫወታል» አለኝ።

«ማን ነው የሚጫወተው?» ብዬ ጮህኩ። «ብሎኑን ስንቴ ዞር አደረግኸው? ሴት ናት ብለህ ነው? እኔን ቢሮ ቁጭ በይ ልትለኝ ነው?»

ልጁ አልተቆጣም። እጆቹን አንሥቶ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ። «ምንም አልነካሁም፣ እትዬ። መፍቻውም ያው፣ እዚያ ነው። አንቺው ነቅንቂው።»

ብሎኖቹን ዳሰስኳቸው። ጥብቅ ናቸው። ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅኩት። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። እውነቱን ነበር። ኩሽኔታው አልቋል። ጋራዡ መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ልጁ ግራ ገብቶት «ኧረ ቀላል ነገር ነው፣ እትዬ፣ ዛሬውኑ ይቀየራል» ይለኛል። ቀይሮም ሲጨርስ ሳልጠይቀው አሮጌውን ኩሽኔታ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ጋዜጣውን እንደያዝኩ በቀጥታ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ልብስ ትሰፋለች። ኩሽኔታውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አስተካክላ በጣቷ አዞረችው፤ ጆሮዋ ጋ አስጠግታ ኪርርር ሲል አዳመጠችው።

«ይሄስ በእውነት አልቋል» አለች።

«እማ» አልኳት። «ያን ጊዜ፣ እነ ፋርማሲስቷ ቤታችን የመጡ ጊዜ የጠየቅሽኝ። ከፈታቸው በኋላ ነው። አላልቶ አላልቶ ነው ያስነቀነቀኝ። በኋላ ነው፣ እማ።»

እጇ ኩሽኔታውን ማዞር አቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። ትስቅብኛለች፣ ታቅፈኛለች፣ «ልጅ ነበርሽ» ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችኝም። ኩሽኔታውን በጋዜጣው መልሳ ጠቀለለችና እጄ ላይ አኖረችው።

«በኋላ» አለች። «አዎ፣ በኋላ። ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ።»